ኮረብታው የማን ነው?

ሰው «የእኔ» የሚለው ነገር ብዙ ነው። ልብሱን የእኔ ይላል፤ ቤቱን የእኔ ይላል፤ በገዛ እጁ ያረሰውን እርሻና የተከለውን ዛፍ የእኔ ይላል። ይህን ሲል የሚቃወመው የለም፤ ድካሙ በነገሩ ውስጥ አለና። ነገር ግን አንድ ሰው ሰፊውን ኮረብታ ከነነፋሱና ከነጉሙ፣ ከነፏፏቴውና ከነወፎቹ «የእኔ ነው፤ ማንም አይርገጠው» ቢል ምን እንመልስለታለን? ኮረብታውን እርሱ አልሠራውም፤ ውሃውንም አላፈለቀውም። ይሁን እንጂ መሬቱ በሕግ በስሙ ተጽፎለት፣ ከአባቱም ወርሶት ይሆናል። ያለ ሥርዓት ሊኖር የሚችል ሕዝብ የለምና የሕግን ጽሑፍ እንደ ከንቱ ነገር ልንቈጥረው አንችልም።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህን ነው። ባለቤት መሆን እስከ ምን ድረስ ነው? ለማየትና ንጹሕ አየር ለመተንፈስ ብቻ የሚመጣ መንገደኛ በሌላ ሰው መሬት ላይ መብት አለውን? መብት ካለውስ ዕዳ የለበትምን? እንዲህ ያለው ጥያቄ በሐሳብ ብቻ ሲመረመር ቃሉ ይበዛል፤ ፍሬው ያንሳል። ስለዚህ ጥያቄው በእውነት የተነሣበትን፣ ሰዎችም ስለ እርሱ የታሰሩበትን አንድ ኮረብታ እንመልከት። ይህም በእንግሊዝ አገር የሚገኘው ኪንደር ስካውት የተባለው ኮረብታ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኪንደር ስካውት በደርቢሻየር አውራጃ፣ ቀድሞ በፋብሪካ ሥራ በታወቁት በማንቸስተርና በሼፊልድ ከተሞች መካከል ይገኛል። ከፍታው 636 ሜትር ነው። በደጋ ተወልዶ ላደገ አንባቢ ይህ የቆላ ከፍታ ሆኖ ይታየው ይሆናል፤ በዚያ አውራጃ ውስጥ ግን ከእርሱ የሚበልጥ የለም። አናቱም የሾለ ሳይሆን እንደ አምባ የተዘረጋ ሰፊ ሜዳ ነው፤ ዙሪያውንም የጠቈረ የአሸዋ ድንጋይ ገደል ይከብበዋል።

ከደቡብ በኩል ከኢዴል መንደር የሚነሣ መንገደኛ አስቀድሞ በድንጋይ ካብ በታጠሩ የበግ መስኮች መካከል ያልፋል። ከዚያም የያዕቆብ መሰላል ወደሚባለው አቀበት ይደርሳል። ስሙን የሰማ ሰው ወዲያው የአባታችንን የያዕቆብን ሕልም ያስባል፤ ነገር ግን ስሙ የተገኘው በ18ኛው መቶ ዓመት በዚያ ይኖር ከነበረ ጄኮብ ማርሻል ከተባለ ገበሬ እንደ ሆነ ይነገራል፤ ጄኮብ ማለት ያዕቆብ ነውና። ፈረሱ ጭነቱን ይዞ በሚጠመዘዘው መንገድ ዙሪያውን ሲወጣ፣ እርሱ ግን በአቋራጭ የሚወጣበትን ደረጃ በአቀበቱ ላይ ቈፈረ ይላሉ። ገበሬው ካለፈ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ስሙ ግን ከመንገዱ ጋር ቀርቶ እስከ ዛሬ በመንገደኞች አፍ ይጠራል።

አቀበቱን የጨረሰ ሰው ሌላ ዓለም ያገኛል። ዛፍ የለም፤ ቤት የለም። መሬቱ ፒት የሚባል ጥቁርና እርጥብ አፈር ነው፤ ውሃም እየሸረሸረው በአንዳንድ ስፍራ ከሰው ቁመት የሚጠልቅ ቦይ አውጥቶበታል። በላዩ የሚበቅለው ሄዘር የተባለው ቍጥቋጦ በአገራችን ደጋ ከምናውቀው ከአስታ ጋር በዘር የተዛመደ ነው፤ በበጋው ወራት መጨረሻም ኮረብታውን ሐምራዊ ያለብሰዋል። ነፋስና ውርጭ የጠረቡአቸው ታላላቅ ድንጋዮች እንደ ሱፍ ጭነት ተከምረው ይታያሉ። በምዕራቡ ጠርዝ የኪንደር ወንዝ ወደ 30 ሜትር ከሚሆን ገደል ይወርዳል። ከምዕራብ ብርቱ ነፋስ በነፈሰ ጊዜ ግን ውሃው መውረዱን ትቶ እንደ ጢስ ወደ ላይ ይበተናል፤ ይህም ከሩቅ ይታያል። ሰማዩ በጠራ ቀን ከዚሁ ጠርዝ የማንቸስተር ከተማ ይታያል። ጉም በወረደ ጊዜ ደግሞ መንገዱን በሚገባ የሚያውቅ ሰው እንኳ በጥቁሩ ቦይ ውስጥ ሊጠፋ ይችላል።

ይህ ኮረብታ በጥንት ዘመን የአካባቢው ሰው በጎቹን የሚያሰማራበት የወል መሬት ነበረ። በ19ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ግን በሕግ ተከልሎ ለአጠገቡ ባለርስቶች ተከፋፈለ። እነርሱም ግራውስ የሚባለውን ቆቅ መሰል ወፍ ማደኛ አደረጉት። የአደኑ ወራት በየዓመቱ ከነሐሴ ወር፣ በእነርሱ አቈጣጠር ከኦገስት 12 ቀን፣ ጀምሮ እስከ ዲሴምበር 10 ቀን ነው። ባለርስቶቹ ወይም እንግዶቻቸው በዓመቱ ውስጥ ጥቂት ቀናት ለማደን ይመጡ ነበር፤ በቀረው ጊዜ ሁሉ ዘበኞች ዱላና ውሻ ይዘው ስፍራውን ይጠብቁ ነበር።

ከኮረብታው በታች ባሉት ከተሞች ግን የሚኖረው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነበረ። የጥጥ ፈትል ፋብሪካዎችና የብረት ማቅለጫዎች ቀንና ሌሊት ይጤሱ ነበር። ሠራተኛው ስድስት ቀን በማሽን ድምፅ መካከል ይውልና ዕረፍት የሚያገኘው በእሑድ ብቻ ነበር። በዚያች ቀን ቀና ብሎ ሲያይ ኮረብታው ከፊቱ ቆሟል፤ ሲጠጋው ግን «መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ያገኛል። በደርቢሻየር ደጋ ከነበረው ሰፊ ምድር ሰው ሁሉ በነጻ ሊሄድበት የሚችለው ክፍል እጅግ ጥቂት ነበር።

ይህን ለማሻሻል በትዕግሥት የሠሩ ሰዎች አልጠፉም። በ1884 ጄምስ ብራይስ የተባለው የፓርላማ አባል በስኮትላንድ ተራሮች ላይ ሰው በነጻ እንዲሄድ የሚፈቅድ ሕግ አቀረበ፤ አልጸደቀለትም። በ1894 የእግር መንገዶችን የሚጠብቅ ማኅበር በዚያ አውራጃ ተቋቋመ፤ ማኅበሩም ከባለርስቶች ጋር ተነጋግሮ በ1897 ከሄይፊልድ መንደር ተነሥቶ በኪንደር ጥግ የሚያልፈውን መንገድ ለሕዝብ አስከፈተ። ይህ ትልቅ ሥራ ነበረ። ነገር ግን የተከፈተው አንድ ቀጭን መንገድ ነው፤ ከመንገዱ ወጥቶ ወደ ኮረብታው አናት መሄድ እንደ ተከለከለ ቀረ።

በ1932 ነገሩ ወደ ግጭት ደረሰ። በአፕሪል 24 ቀን፣ እሑድ ዕለት፣ ብዙ ወጣቶች በሄይፊልድ አጠገብ በሚገኝ አሮጌ የድንጋይ ካባ ተሰበሰቡ። ወደ 400 ይሆኑ ነበር ይባላል፤ ቍጥሩ ግን እንደ ተናጋሪው ይለያያል። አብዛኞቹ ከማንቸስተርና ከአካባቢዋ የመጡ ሠራተኞችና ሥራ ፈላጊዎች ነበሩ። ቤኒ ሮትማን የተባለ የ20 ዓመት ወጣት በድንጋይ ላይ ቆሞ ተናገራቸው፤ ከዚያም ዊልያም ክላፍ በተባለው ሸለቆ ወደ ኮረብታው ወጡ። በአቀበቱ ላይ ዘበኞች ገጠሙአቸው፤ ግብግብም ተነሣ፤ ከዘበኞቹም አንዱ ተጐዳ። ወጣቶቹ ግን አልፈው ወጡ፤ ከኢዴል በኩል ከመጡት ከሼፊልድ ሰዎችም ጋር ተገናኙ። ከወረዱ በኋላ በሄይፊልድ ፖሊስ ይጠብቃቸው ነበርና ጥቂቶቹ ተያዙ።

በዚያ አገር ሕግ በሰው መሬት ላይ ያለ ፈቃድ መሄድ ብቻውን ወንጀል አልነበረም፤ ባለመሬቱ በፍትሐ ብሔር ሊከስስ ይችል ነበር እንጂ። ስለዚህ ወጣቶቹ የተከሰሱት ሁከት በማስነሣትና ይህን በመሰለ ነገር ነው። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር በደርቢ ችሎት አምስቱ ከሁለት ወር እስከ ስድስት ወር እስራት ተፈረደባቸው። ሮትማን አራት ወር ታሰረ።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን የሁለቱንም ወገን ነገር እንመዝን። በአንድ ወገን ብቻ የሚሰማ ጆሮ ፍርድ አይወጣውምና።

ባለርስቱ ሦስት ነገር ሊል ይችላል። የመጀመሪያው፣ «መሬቱ በሕግ የእኔ ነው» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ «ገንዘብ አውጥቼበታለሁ፤ ወፎቹ እንቍላላቸውን በመሬት ላይ ይጥላሉና ሰው ሲበዛ ይሸሻሉ፤ የዘበኞቼም እንጀራ ከዚህ ይገኛል» የሚል ነው። ሦስተኛው፣ «ዛሬ አራት መቶ ቢመጡ ነገ አራት ሺህ ይመጣሉ፤ ያን ጊዜ ኮረብታው ራሱ ይጠፋል» የሚል ነው። እነዚህ ሁሉ ባዶ ቃላት አይደሉም። የዘበኛውንም ነገር አንርሳ፤ እርሱ ራሱ ደሞዝተኛ ድኻ ነበረ። በዚያ እሑድ በአቀበቱ ላይ የተያያዙት ድኻና ድኻ ናቸው፤ ባለርስቱ በስፍራው አልነበረም። በሌላ ሰው ጠብ ውስጥ ለሁለት ድኾች መጋጨት የተለመደ የዓለም ኀዘን ነው።

መንገደኛው ደግሞ እንዲህ ሊል ይችላል። «ከአንተ የምወስደው የለም። ሣርህን አላጭድም፤ ወፍህን አልገድልም፤ ድንጋይህን አልፈነቅልም። አይቼ፣ ተንፍሼ፣ ደክሜ እመለሳለሁ። እኔ ካየሁት በኋላ ፏፏቴው አይጐድልም። አንተ ያልጐደለብህን ለምን ከእኔ ትከለክላለህ?» ይህ ብርቱ ቃል ነው። ከጥንት ሕጎችም አንዱ ይህን ልዩነት ያውቀዋል። በኦሪት ዘዳግም የተጻፈው ሥርዓት ወደ ባልንጀራው የወይን ስፍራ የገባ ሰው እስኪጠግብ እንዲበላ ይፈቅድለታል፤ በዕቃ ውስጥ ግን እንዳያኖር ይከለክለዋል። በእርሻም ውስጥ ሲያልፍ እሸት በእጁ እንዲቀጥፍ ይፈቅድለታል፤ ማጭድ ግን እንዳያገባ ያዘዋል። የወይኑ ባለቤት ባለቤትነቱ አልተሻረም፤ ሰፈፉ ብቻ ለአላፊው ተተወ። እንግዲህ የባለቤትነት ወሰን በአጥሩ ላይ ብቻ የሚያበቃ አይደለም፤ በአላፊው ሰው ፍላጎትም ላይ ይታሰባል ማለት ነው።

ስለ ሕግ መተላለፍስ ምን እንላለን? ለብዙ ዓመታት ከባለርስቶች ጋር በጨዋነት ይነጋገሩ የነበሩት የመንገደኞች ማኅበራት የወጣቶቹን ድርጊት አልወደዱትም፤ ሥራችንን ያበላሹብናል ብለው ፈርተው ነበር። ፍርሃታቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። በሌላ በኩል ደግሞ ቅጣቱ እጅግ ስለ ከበደ፣ ቀድሞ ስለ ኮረብታው ግድ ያልነበረው ሰው እንኳ «ለመራመድ እስራት?» ብሎ ጠየቀ። ለኋለኛው ለውጥ የበለጠ የሠራው ትዕግሥት ነው ወይስ ድፍረት? ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። እኛ የምንለው፣ በዚያ እሑድ የተደረገው ግብግብና የዘበኛው ጕዳት የሚመሰገን አይደለም፤ ነገር ግን ጥያቄያቸው ትክክል ነበር ነው። ሰው ትክክለኛውን ጥያቄ በተሳሳተ ድምፅ ሊጠይቅ ይችላል፤ ሰሚው ድምፁን ቢነቅፍም ጥያቄውን ከመመለስ አይድንም።

መልሱም ቀስ ብሎ መጣ። በ1939 የወጣው ሕግ በፓርላማ እጅግ ተለውጦ ስለ ነበር ለመንገደኛው የረባ ነገር አልሰጠውም፤ በሥራም ላይ አልዋለም። ከጦርነቱ በኋላ በ1949 ስለ ብሔራዊ ፓርኮችና ወደ ገጠር ስለ መግባት ሌላ ሕግ ወጣ። በ1951 ኪንደር ስካውት የሚገኝበት ፒክ ዲስትሪክት የብሪታንያ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ተባለ፤ በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥም ከባለርስቶች ጋር ስምምነት ተደርጎ ሰው በኮረብታው ላይ መሄድ ጀመረ። በ1965 ከኢዴል ተነሥቶ እስከ ስኮትላንድ ወሰን የሚደርሰው ፔናይን ዌይ የተባለው 430 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ የእግር መንገድ ተከፈተ። በ1982 ኪንደርን ናሽናል ትረስት የተባለው የበጎ አድራጎት ማኅበር ገዛው። በመጨረሻም በ2000 በእንግሊዝና በዌልስ በካርታ በተለዩ ተራሮች፣ ደጋማ ጠፎችና የወል መሬቶች ላይ ሰው ሁሉ በእግሩ በነጻ እንዲሄድ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። ይህ መብት በእንግሊዝ ከምድሩ 8 በመቶ ያህሉን የሚመለከት ነው።

በ2002 ሰባኛው ዓመት በዚያው በድንጋይ ካባው አጠገብ ሲታሰብ፣ ከቀድሞዎቹ ባለርስቶች የአንዱ የልጅ ልጅ የሆኑት የዴቮንሻየር መስፍን መጥተው ስለ አያታቸው ሥራ በሕዝብ ፊት ይቅርታ ጠየቁ። በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ፤ ስለ ራሳቸው በደል የሚጠይቃቸውም አልነበረም። ይሁን እንጂ ርስትን የወረሰ ሰው በርስቱ ላይ የተሠራውንም በደል አብሮ እንደሚወርስ አስተዋሉ። ቤኒ ሮትማን ግን ይህን አልሰማም፤ በዚያው ዓመት በጃንዋሪ ወር በ90 ዓመቱ ዐርፎ ነበርና። ይቅርታ የዘገየ እንደ ሆነ እንኳ ከቶ ካለመምጣት ይሻላል፤ የዘገየውን ያህል ግን የሚሰማው ሰው ያንሳል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ለመጻፍ ቀላል በሆነ ነበር። በሩ ተከፍቷል፤ ፍርድ ተስተካክሏል እንላለንና። ነገር ግን ሁለተኛውና የሚከብደው ጥያቄ የሚጀምረው በሩ ከተከፈተ በኋላ ነው።

የኪንደር ጥቁር አፈር እንደ ሌላው አፈር አይደለም። ስፋግነም የተባለ ለስላሳ የረግረግ ተክል ውሃ እየመጠጠ ያድጋል፤ ከክብደቱም ብዙ እጥፍ ውሃ ይይዛል። ሲሞትም በውሃው ውስጥ ሳይበሰብስ ይከማቻል፤ ፒት የሚባለው አፈር ይህ ነው። በዓመት የሚያድገው አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ አንድ ሜትር ለመከማቸት 1,000 ዓመት ያህል ያስፈልገዋል። ይህ አፈር የዝናቡን ውሃ ይዞ ቀስ በቀስ ይለቅቃል፤ በታች ያሉትን መንደሮች ከደራሽ ጎርፍ ይጠብቃል፤ ከአየርም የተወሰደውን ካርቦን በውስጡ አስሮ ያቈያል። ተክሉ ሞቶ አፈሩ ራቁቱን ሲቀር ግን ይደርቃል፤ ነፋስ ይወስደዋል፤ ዝናብ ያጥበዋል፤ እሳትም ከያዘው ከመሬት በታች እየተሳበ ብዙ ቀን ሊነድ ይችላል።

በኪንደር የሆነው ይህ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ያጠፋው የፋብሪካዎቹ ጢስ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ከከተሞቹ የወጣው የድንጋይ ከሰል ጢስ ከዝናብ ጋር እየወረደ ስፋግነሙን ገደለው። የበጎች መብዛትና ቃጠሎም ጨመሩበት። እዚህ ላይ የምናስተውለው ነገር አለ። ኮረብታው በዘበኛ በተጠበቀባቸው በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ጢሱን «ተመለስ» ያለው ዘበኛ አልነበረም። የድኻው እግር በአጥር ሲከለከል የባለፋብሪካው ጢስ ያለ ፈቃድ ገባ። እንግዲህ መዝጋት ብቻውን መጠበቅ አይደለም።

ነገር ግን መክፈትም ብቻውን መጠበቅ አይደለም። ፔናይን ዌይ ከተከፈተ በኋላ በሺህ የሚቈጠር እግር በለስላሳው አፈር ላይ አለፈ። አንዱ ሲረግጠው ጭቃ ይሆናል፤ ሁለተኛው ጭቃውን ሸሽቶ በጠርዙ ይሄዳል፤ ሦስተኛውም ከእርሱ ወዲያ ይረግጣል። እንዲህ እየሆነ በአንዳንድ ስፍራ ቀጭኑ መንገድ እንደ ሰፊ የታረሰ እርሻ ሆነ። በመጀመሪያ በአምባው መካከል ያልፍ የነበረው ጕዞም ኋላ በያዕቆብ መሰላል በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። ባለርስቱ «ብዙ ሰው ቢመጣ ኮረብታው ይጠፋል» ያለው በከፊል እውነት ሆነ ማለት ነው። እውነት ለራስ ወዳድነት መሸፈኛ ቢሆንም እውነት መሆኑን አይተውም። ከጠላት አፍ የወጣ ስለ ሆነ ብቻ እውነትን መናቅ ለእኛ ጕዳት ነው።

አባቶች «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ» ይላሉ። ይህ ምሳሌ የመተባበርን ጥቅም ያስተምራል። ነገር ግን ተገልብጦም ይሠራል። ሃምሳ ሺህ ሰው የሚያደርሰው ጥፋት ለእያንዳንዱ ሲካፈል እንደ አንድ ሎሚ ይቀልለዋል፤ ማንም በእጁ የያዘው መሆኑን አያውቅም። «የእኔ አንድ እግር ምን ያደርጋል?» ይላል። ይህን ቃል ሁሉም በየግሉ ይናገረዋል፤ በመጨረሻ ኮረብታው ላይ ቦይ ይቈፈራል፤ የቈፈረው ግን አይገኝም። በአንድ ሰው የተሠራ ጥፋት ከሳሽና ተከሳሽ አለው፤ በሁሉ የተሠራ ጥፋት ግን የሚያለቅስለት እንጂ የሚጠየቅበት የለም።

ይህን ያዩ ሰዎች ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ከፈረሱ የጥጥ ፋብሪካዎች ወለል ትላልቅ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ተነሥተው በሄሊኮፕተር ወደ ደጋው ተወሰዱ፤ በረግረጉም ላይ እንደ መንገድ ተነጠፉ። እናቶችና አባቶች በማሽን መካከል ቆመው የደከሙበት ድንጋይ፣ ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው በዕረፍት ቀን የሚሄዱበት ሆነ። ከ2003 ጀምሮም በዚያ ደጋ ላይ በተደረገው ሥራ ራቁቱን ለቀረው አፈር ኖራ ተበትኖለት ሣር ተዘራበት፤ በቦዮቹ ውስጥ ውሃውን የሚያዘገይ የድንጋይ ክትር ተሠራ፤ ስፋግነምም በእጅ ተተከለ። በ2009 ኪንደር ስካውት ብሔራዊ የተፈጥሮ ጥበቃ ስፍራ ተባለ። ጥቁር የነበረው መሬት በብዙ ስፍራ እንደ ገና አረንጓዴ ሆኗል። ከሥራው ትልቁ ክፍል የማይታይ ነው፤ በቀዝቃዛ ቀን በጭቃ ውስጥ ተንበርክኮ አንዲት እፍኝ ተክል የሚተክለውን ሰው ማንም አያጨበጭብለትም። የተከለውም ተክል አንድ ክንድ አፈር እስኪሠራ ድረስ እርሱም ልጁም የልጅ ልጁም አያዩትም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? በዓለም ላይ ያለው መልካም ነገር ሁለት ዓይነት ነው እንላለን። አንደኛው ሲካፈሉት የማያንስ ነው። ሺህ ሰው ፏፏቴውን ቢያየው ፏፏቴው አይጐድልም፤ ሺህ ሰው የነፋሱን ድምፅ ቢሰማ ነፋሱ አይደክምም። እንዲህ ያለውን ነገር ከባልንጀራ የሚከለክል ሰው ራሱ የሚያገኘው ትርፍ የለም፤ የሚያገኘው ሌላው ማጣቱን ብቻ ነው። ይህም ስስት ነው፤ ሕግ ቢፈቅድለትም ስስት ነው። ሁለተኛው ግን ሲካፈሉት የሚያንስ ነው። አፈሩ በእግር ይቀንሳል፤ ወፍ ከጎጆዋ ስትባረር እንቍላልዋ ይቀዘቅዛል። እንዲህ ያለውን ነገር የሚካፈል ሰው የጥበቃውንም ድርሻ ካልተካፈለ፣ «ምንም አልወስድም» ያለው ቃሉ ሐሰት ይሆንበታል። ኮረብታን ዐይን አይቀንሰውም፤ እግር ግን ይቀንሰዋል። ያው ሰው ሁለቱንም ይዞ ይመጣል፤ ስለዚህ መብትና ዕዳ አብረው ይወጣሉ፤ አብረውም ይወርዳሉ።

የ2000ው ሕግ ይህን አስተውሏል። የሚፈቅደው በእግር መሄድን ነው። እሳት ማንደድን ይከለክላል፤ ወፎች በሚጥሉባቸውና በሚቀፈቅፉባቸው ወራት፣ ከማርች 1 እስከ ጁላይ 31 ድረስ፣ ውሻ በአጭር ገመድ እንዲያዝ ያዛል። ሥርዓቱን ያፈረሰ ሰው በዚያ መሬት ላይ ያለውን መብት ለ72 ሰዓት ያጣል፤ እንደ ማንኛውም ያለ ፈቃድ እንደ ገባ ሰው ይቈጠራል። ይህ ቅጣት ቀላል ቢመስልም ትርጕሙ ጥልቅ ነው። መብቱን የሚያስቀርበት ባለርስቱ አይደለም፤ የገዛ ሥራው ነው። ዛሬ በኪንደር አቀበት ላይ ዱላ የያዘ ዘበኛ አይቆምም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ መንገደኛ የራሱ እግር ዘበኛ ሊሆን ይገባዋል። ለሌላ ዘበኛ መታዘዝ ከዚህ ይቀላል፤ እርሱ ሲዞር ልናመልጠው እንችላለንና።

አንባቢ ሆይ፣ የወል የሆነ ነገር በሌለበት ስፍራ የሚኖር ሰው የለም። ሁሉ የሚቀዳበት ምንጭ፣ ሁሉ የሚያልፍበት መንገድ፣ ሁሉ የሚሰበሰብበት ጥላ አለ። ስለ እርሱ ሁለት ነገር ራሳችንን እንጠይቅ። ቢካፈሉት የማያንሰውን ነገር ከሌላው ከልክለናልን? ቢካፈሉት የሚያንሰውንስ ነገር «የእኔ ድርሻ ትንሽ ነው» ብለን አባክነናልን? ከልክለን እንደ ሆነ በሩን እንክፈት። አባክነን እንደ ሆነም ሌላው እስኪጀምር ሳንጠብቅ ከአንዲት እፍኝ እንጀምር።